በሰፈራችን ያለውን ቅርስ ለማስጎብኘት ከየት እንጀምር? (ለደሴና ኮምቦልቻ ልጆች)

"ቱሪስት እናምጣ" የምትሉ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች በዝታችኋል፣ ደስ ይላል፣ ግን ፔጅ ከፍቶ ፎቶ ከመለጠፍ በፊት ቅርሱ ያለበት ሰፈር ሰው ቁጭ ብሎ ተመካክሮ እሺ ማለት አለበት። እስከዛሬ የጠበቀው እሱ ነው። እሱ ያልመከረበት ጉብኝት ከሆነ ብሩ ሆቴልና መኪና ያለው ሰው ጋ ይቀራል፣ የሰፈሩ ሰው አቧራውን ብቻ ይቅማል።

መጀመሪያ ማሳየት የፈለጋችሁት ነገር የማን እንደሆነ እወቁ። የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ወይ ደሴ ሙዚየምን ከሆነ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከሆነ የገዳሙን አባቶች ነው ምታናግሩት፣ ወንዶቹ ገዳም ደግሞ ሴት ስለማይገባ ሴት እንግዶች ካሉ ከደሴ ሳትነሱ ንገሯቸው፣ ሐይቁ ዳር ሌላ ፕሮግራም ያዙላቸው። ጀማ ንጉሥ ወይ ጌታ የሚባሉት የእስልምና ቅዱስ ቦታዎች ከሆኑ ሸሆቹን አስፈቅዱ። መንዙማና ወዳጃ ዱአ ነው፣ እንግዳ መጣ ተብሎ ከቀኑ ውጪ አይጠራም፣ በቀኑ የመጣ እንግዳ ጫማውን አውልቆ ቁጭ ብሎ ይስማ፣ ካሜራ የሚወጣው ደግሞ ሸሁ ከፈቀዱ ብቻ ነው።

ስብሰባውን በቀበሌ ብቻ አትጥሩት፣ በቅሬው (በሰፈሩ እድር) በኩል ጥሩት። እኛ ጋ ክርስቲያኑም እስላሙም እኩል የሚሰማው እዛ ነው። አባጋሮቹን (አስታራቂ ሽማግሌዎቹን)፣ ቄሱን፣ ሸሁን ጥሩ፣ ሴቶቹን ግን የግድ ጥሩ፣ ምክንያቱም ቡናውን የሚያፈሉት እንጀራውን የሚጋግሩት እነሱ ሆነው ሳለ ውሳኔው ላይ ከሌሉ ስራው ሁሉ እነሱ ላይ ወድቆ ገንዘቡ ሌላ ሰው ኪስ ይገባል፣ ይሄ ብዙ ቦታ የታየ ነው። ምን እናሳይ ብቻ ሳይሆን ምን አናሳይም የሚለውንም እነሱ ይወስኑ። ለቅሶ ቤትና የትምህርት ሰአት ላይ ያሉ ልጆች ከነጭራሹ አይነኩ።

አሁን ዋናው ገንዘቡ ነው፣ እዚህ ላይ አትፈሩ፣ የመጀመሪያው እንግዳ ሳይመጣ አውሩት። ለምሳሌ አንድ እንግዳ 1000 ብር ከከፈለ 600ው ለሰሩት (ለአስጎብኚው፣ ለቡናዋ፣ ምሳ ላዘጋጀችው)፣ 250ው ለቅርሱ ጥገናና ለቅሬው፣ 150ው ለስልክና ለትራንስፖርት ብትሉ ያስኬዳል፣ ቁጥሩን እንደሰፈራችሁ አስተካክሉት፣ ብቻ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ይፈረምበት። ሂሳቡ በየወሩ ሰው ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። እንግዳ የሚቀበለው ቤት ደግሞ በተራ ይሁን፣ ሁሌ የአንድ ሰው ዘመድ ጋ ከሄደ በ2ኛው ወር ሰፈሩ ይኮራረፋል። ሰሜን ወሎ መቄት ላይ በእግር የሚጓዙ እንግዶችን ሲያሳድሩ የቆዩት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ ማረፊያው የማህበረሰቡ ነው፣ የቻለ ሄዶ አይቶ ይጠይቃቸው።

ከዛ መዝግቡ። በየቤቱ ያለውን የብራና መጽሐፍ፣ የድሮ ጌጥ፣ ጋሻ ምናምን በስልክ ከ4 በኩል አንሱ፣ ቁመትና ወርዱን፣ ከማን እንደተወረሰ ጻፉ። በ2014ቱ ጦርነት ደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ አይተናል፣ ፎቶና መለኪያ የሌለው እቃ አንዴ ከጠፋ "የኔ ነው" ብሎ ማስመለስ በጣም ከባድ ነው። በአዋጅ 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው ማስመዝገብ አለበት፣ ያለፈቃድ ከሀገር ማውጣትም ክልክል ነው፣ "በጥሩ ዋጋ ልግዛችሁ" የሚል እንግዳ ከመጣ መልሱን ሁሉም ቤት አስቀድሞ ይወቀው። ፎቶዎቹን ፌስቡክ ላይ አትልቀቁ፣ የማን ቤት ምን እንዳለ ለሌባ መንገር ነው።

የሽማግሌዎቹንም ድምፅ ቅዱ። ኅዳር 1928 ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ስለመደብደቡ ከአባቶቻቸው የሰሙትን የሚያወሩ አሉ፣ አስጎብኚ የሚሆነው ልጅ ይሄን ከነሱ ይስማ፣ ያልሰማውን ግን ከራሱ አይጨምር፣ እንግዳ ጠይቆት ካላወቀ "ጠይቄ እነግርሃለሁ" ይበል።

ፈረንጅ እስኪመጣ አትጠብቁ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚሄደው ህዝብ ብዙው በደሴ በኩል ነው ሚያልፈው፣ መውሊድ ሲሆን ጀማ ንጉሥ የሚሄደው ሰውም እንደዛው፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወርድ አለ፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ኤርፖርቱ እናንተ ጋ ነው። እነዚህ ሰዎች ንጹህ አልጋ፣ ትኩስ ምግብና መንገድ የሚያሳይ ሰው ነው ሚፈልጉት። የመጀመሪያ መለማመጃ እንዲሆናችሁ የራሳችሁን ከተማ ተማሪዎች በነጻ አስጎብኙ፣ ምኑ እንደሰለቻቸው ጠይቁና አስተካክሉ።

ለግሸን በዓል ለመድረስ ካሰባችሁ የቅሬውን ስብሰባ ሰኔ ላይ አድርጉት፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ መንገዱን ስለሚያበላሸው ሰው አይሰበሰብላችሁም፣ ጳጉሜ ላይ ተራውን አውጥታችሁ የየቤቱን አልጋ ቁጠሩ።