አንደኛው ፒቸር ሲጎዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

የቤዝቦል ቡድን ዋናው ፒቸር (ኳስ ወርዋሪው) ሲጎዳ ነገሩ ሁልጊዜ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ፒቸሩ ኳሷን ወርውሮ እጁን ሁለት ጊዜ ያራግፋል፣ ውሃ የነካው ይመስል። ኳሷን የሚቀበለው ካቸር ቀና ይላል። አሰልጣኙ ፒቸሩ ወደሚቆምበት ጉብታ ይወጣል። ልጁ "ደህና ነኝ" ይላል፣ ዓይኑን ግን ከመሬት አያነሳም። ከዚያ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ይወርዳሉ። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ይጮሃል፣ ጥያቄውም አንድ ነው፦ "አሁን ማን ይወርውርልን?"

ልጆችን ፒቸርነት ሳሠለጥን ዓመታት አልፈዋል፤ የትልልቆቹንም ሊግ፣ የአሜሪካውን ሜጀር ሊግ፣ ማታ ማታ እከታተላለሁ። ስህተቱ በሁለቱም ቦታ ያው ነው፣ የሚለየው የገንዘቡ መጠን ነው። ከሀ ሁ አልጀምርም፤ ኢኒንግ ከጨዋታው ዘጠኝ ክፍሎች አንዱ መሆኑን ማወቅ ይበቃል። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ክፍተቱን በጨዋታ መቁጠር

"በየአምስት ቀኑ አንድ ጨዋታ ነው የጎደለብን፣ እንችለዋለን" የሚል ሰው ስሰማ ወረቀትና እርሳስ አምጡልኝ እላለሁ።

አንድ የሜጀር ሊግ ቡድን በመደበኛው ውድድር 162 ጨዋታ ያደርጋል። ይህ ወደ 1,450 ኢኒንግ ይጠጋል። ጤነኛ የሆነ ኮከብ ስታርተር (በየአምስት ቀኑ ገደማ ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር) 30 ጨዋታ ገደማ ጀምሮ 180 ወይም 190 ኢኒንግ ይሸፍናል። የሚተካው ልጅ በየጨዋታው ሁለት ኢኒንግ ብቻ ቀደም ብሎ ቢወጣ በዓመቱ መጨረሻ 60 ኢኒንግ ሜዳ ላይ ይፈሳል። 60 ኢኒንግ የአንድ ሪሊቨር (በመሃል ገብቶ ስታርተሩን የሚተካ ፒቸር) የዓመት ሥራ ነው። ያን ሰው ከየት ታመጣዋለህ? ሊጉ የሚፈቅድልህ 26 ተጫዋች ነው፣ ከዚያ ውስጥ ፒቸር ከ13 መብለጥ አይችልም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። ማክሰኞ ተተኪው 4ኛው ኢኒንግ ላይ ይወጣል፣ ከቡልፔን (ሪሊቨሮቹ ከሚጠብቁበት ቦታ) አራት ሰው ይነሳል። ረቡዕ ሁለተኛው ስታርተር 6ኛው ላይ ይደክማል። አሰልጣኙ ወደ ቡልፔኑ ዞር ሲል ትናንት ያልወረወረ፣ የሚያምነው ሰው የለም። ስለዚህ የደከመውን ስታርተር "አንዷን ኢኒንግ ጨርስልኝ" ይለዋል። ሐሙስ በ8ኛው ኢኒንግ፣ ለሦስተኛ ቀን የተነሳው ሪሊቨር የሦስት ነጥብ መሪነት ያፈርሳል። ተመልካቹ ሪሊቨሩን ይሰድባል፤ ሽንፈቱ ግን ማክሰኞ የተሸነፍነው ነው። ኮከቡ በሚወረውርበት ቀን ቡልፔኑ ያርፍ ነበር፤ እሱ ሲተኛ ያ የዕረፍት ቀንም አብሮት ተኛ።

እንግዲህ የማንንም ስም ሳትጠሩ በፊት የቀጣዩን ሁለት ሳምንት ኢኒንግ ቁጭ ብላችሁ አከፋፍሉ። ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ታምፓ ቤይ ሬይስ በ2018 ሰርጂዮ ሮሞን፣ የቡልፔን ሰው ሆኖ ሳለ፣ ጨዋታ ያስጀመሩት እንዲህ ዓይነቱን ሒሳብ ሠርተው ነው። የእነሱን ዘዴ የሚኮርጁ አሰልጣኞች ግን የመጀመሪያውን ኢኒንግ ብቻ ይኮርጃሉ፣ ከ2ኛው ጀምሮ ማን እንደሚሸፍን አያስቡም።

ሸክሙን ሁለተኛው ልጅ ላይ መጫን

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ ይቅርታ።

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል። የአንድ ፒቸር ቡድንም እንቅልፍ የለውም፤ አንደኛው ሲጎዳ በድንጋጤ ሁለተኛውን "አንተ ነህ ተስፋችን" ብሎ ይጭነዋል። ልጁ ደግሞ ቃሉን ያምናል። ትናንት በ80 ውርወራ ይወጣ የነበረው ዛሬ 100 ይወረውራል። ጠንክሮ ለመምሰል እያንዳንዱን ኳስ ባለ በሌለ ኃይሉ ይለቃል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው፦ በአንድ ክንድ ጉዳት የጀመረ ወቅት በሁለት ያልቃል።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፣ ሠርቼዋለሁ። አንደኛው ፒቸሬ ትከሻውን ታሞ ተቀምጧል። ሁለተኛው የ12 ዓመት ልጅ፣ ቀጭን፣ እምቢ ማለት የማያውቅ። የሊትል ሊግ ሕግ በዚያ ዕድሜ በቀን ከ85 ውርወራ በላይ አይፈቅድም። ደግሞም 41 እና ከዚያ በላይ የወረወረ ልጅ በዚያው ቀን ካቸር መሆን አይችልም። እኔ ምን አደረግኩ? ልክ 40 ላይ አወጣሁትና የካቸሩን ልብስ አስለበስኩት። ካቸራችንም አልመጣም ነበርና ራሴን ብልጥ አድርጌ ቆጠርኩ፤ ለረዳቴ በጣቴ አራት አሳይቼ ዓይኔን ጠቀስኩለት።

ካቸር ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ኳሷን ወደ ፒቸሩ ይመልሳል። ሯጭ ቤዝ ሲሰርቅ (ኳስ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ማረፊያ ሲሮጥ) ደግሞ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ወደ ሁለተኛው ቤዝ በሙሉ ኃይሉ ይወረውራል። ማሟሟቂያውን ሲጨምሩበት ያ ልጅ በዚያ ቀን መቶ ጊዜ ሳይወረውር አልቀረም። ሕጉ ያዘዘውን ዕረፍት ሰጥቼ መልሼ አስወረወርኩት። ወረቀቱ ላይ አንድም ጥፋት የለብኝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቱ ደወሉልኝ፦ "አሰልጣኝ፣ ልጁ ጥርሱን በግራ እጁ ነው የሚቦርሸው፣ አይተኸዋል?" ልጁ ቀኝ ነው። ሐኪሙ የክርኑ የዕድገት አጥንት ተቆጥቷል ብሎ ሦስት ወር ኳስ እንዳይነካ ከለከለው። ቁጥሩን ጠብቄ ልጁን ሳልጠብቅ ቀረሁ።

አሁን የምቆጥረው ከእጁ የወጣውን ኳስ ሁሉ ነው፤ ማሟሟቂያውን፣ ከሌላ ቦታ የወረወረውን፣ ከወንድሙ ጋር ግቢ ውስጥ የተጫወተውን ሳይቀር። ወላጆች ይሰለቹኛል። ይሰልቹ።

"ሰነፈ" ማለት

ጄ. አር. ሪቻርድ በ1980 ለሂውስተን አስትሮስ 10 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸንፎ ነበር። ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚያልፍ፣ መቺዎች ፊቱ መቆም የሚፈሩት ሰው ነው። ክንዴ ሞተብኝ፣ ደከመኝ ሲል ስንፍና ነው፣ ቅናት ነው ተባለ። ሐምሌ 30 ቀን ቀለል ያለ ልምምድ ላይ ሳለ ስትሮክ መታው። 30 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ በሜጀር ሊግ አልወረወረም። ቡድኑ ያለ እሱ ምድቡን አሸንፎ በአምስተኛው ጨዋታ በፊላደልፊያ ቡድን ተሸነፈ፤ እሱ ቢኖር ኖሮ የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አልቆመም። እኔ ግን ያን ጨዋታ ትቼ፣ "ደከመኝ" ባለበት ቀን ማን ሰማው የሚለውን ነው የማስበው።

ቶሎ መመለስ

ዲዚ ዲን በ1934 ሠላሳ ጨዋታ ያሸነፈ ሰው ነው። በ1937 የኦል ስታር ጨዋታ ላይ የኧርል አቬሪል ምት የእግሩን ጣት ሰበረው። እግር እንጂ ክንድ አይደለም! ግን ሳይድን ተመለሰ፣ ጣቱን ላለማሳመም አወራወሩን ቀየረ፣ የተቀየረው አወራወር ክንዱን በላው። ያን ዲን መልሶ ያየው የለም። ስለዚህ ከየትኛውም ጉዳት የተመለሰ ፒቸር ሲወረውር መጀመሪያ የማየው እግሩን ነው። የፊት እግሩ ቀድሞ ከሚያርፍበት ቦታ አንድ ስንዝር ካጠረ ወደ ቤቱ እልከዋለሁ።

በሌላ በኩል ቶሚ ጆንን ተመልከቱ። በ1974 የግራ ክርኑ ጅማት ተበጠሰ፤ ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስዶ ተካለት። 1975ን ሙሉ ተቀመጠ። በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ወረወረ፣ ከ288 ድሎቹ 164ቱን ያገኘው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነው። ዛሬ ስሙ የቀዶ ጥገናው ስም ሆኗል፤ ማገገሚያውም ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። የተተካው ጅማት አዲሱን ቦታ ለምዶ የክርንን ሸክም እስኪችል ጊዜ ይፈልጋል፣ በቁጣም በልመናም አይፈጥንም። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነቱ ቀድሞ ይመለስና ኳሷን ወደ ፈለጉበት ማድረሱ ይዘገያል። የፍጥነት መለኪያው ቁጥር ሲያምር "ዳነ" ብለው የሚያጨበጭቡ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

የስቲቨን ስትራስበርግ ጉዳይ ላይ ሐሳቤን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ዋሽንግተን ናሽናልስ በ2012፣ ከዚሁ የቶሚ ጆን ቀዶ ጥገና በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱ፣ 159 ከ1/3 ኢኒንግ ላይ አቆሙት። ቡድኑ 98 ጨዋታ ያሸነፈበት ዓመት ነው! ያለ እሱ ወደ ጥሎ ማለፉ ገቡ፣ በመጨረሻው ጨዋታ 6 ለ 0 እየመሩ በካርዲናልስ 9 ለ 7 ተሸነፉ። ያን ሌሊት ቴሌቪዥኑን ተሳድቤያለሁ። በ2019 ግን የዎርልድ ሲሪሱ (የሊጉ ፍጻሜ) ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ዋንጫ ሲያነሳ አፌን ያዝኩ። ከዚያ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሞ ስምንት ጨዋታ ብቻ ጀምሮ ጡረታ ወጣ። ማን ልክ ነበር? አሁን እንኳ አፌን ሞልቼ አልናገርም።

ሁሉንም በጠፋው ሰው ማሳበብ

ሳንዲ ኩፋክስ በ1966 በሚያመው ክርን 27 አሸንፎ በ30 ዓመቱ አቆመ። ዶጀርስ በዚያ ዓመት 95 ድል፣ በሚቀጥለው 73። ሰው ይህን ጠቅሶ "አንድ ፒቸር ማለት 22 ድል ነው" ይላል። አይደለም። በዚያው ክረምት መቺዎቹን ሞሪ ዊልስንና ቶሚ ዴቪስን ለሌሎች ቡድኖች ሰጥተዋል። በዘመናችን ስሌት ምርጥ የሚባል ፒቸር እንኳ በዓመት ከአንድ ተራ ተተኪ የሚበልጠው በስድስት ወይም በሰባት ድል ገደማ ነው። ቀላል አይደለም፣ ግን 22 አይደለም። የቀረውን ስታዩ መቺዎቻችሁን ጠይቁ።

ወይ ተስፋ መቁረጥ፣ ወይ ገበያ መውጣት

ካርዲናልስ በ2011 አዳም ዌይንራይትን ዓመቱን ሙሉ አጥተው ዎርልድ ሲሪሱን አሸነፉ። በ2015 ሚያዝያ ላይ እንደገና አጡት (በዚህ ጊዜ የተረከዙ ጅማት ነው፣ ያውም መትቶ ሲሮጥ) 100 ጨዋታ አሸነፉ። ቴክሳስ ሬንጀርስ በ185 ሚሊዮን ዶላር ያመጡት ጄኮብ ዲግሮም በ2023 ስድስት ጨዋታ ብቻ ጀምሮ የክርኑ ጅማት ተቀደደበት፤ ዋንጫው ግን የእነሱ ሆነ። በዝውውሩ መዝጊያ ሰሞን ሁለት ስታርተር ገዙ። ስመ ጥሩው ማክስ ሸርዘር እሱም ተጎዳ፤ ብዙም ያልተወራለት ጆርዳን ሞንትጎመሪ ኢኒንጉን ተሸከመላቸው። በድንጋጤ ለስም የሚከፍል ሰው ይህን ያስታውስ፤ የጎደለህ ኢኒንግ ነው፣ ኢኒንግ ግዛ።

ሜዳው ላይ ያሉትንም አትርሱ። ኮከባችሁ በስትራይክ አውት (መቺው ኳሷን ሳያገኛት እያስወጣ) የሚገላግል ከነበረ ተከላካዮቻችሁ ዓመቱን ሙሉ ቆመው ነው ያሳለፉት። ተተኪው ኳሷን መሬት ለመሬት የሚያስመታ ከሆነ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል የሚከላከለው ሾርትስቶፕ ከመጀመሪያው ደቂቃ ሥራ ይበዛበታል፤ ልምምዱም ከዚያ ይጀምር።

"ለአንድ ዙር ብቻ እንዝለለው" ብሎ የጉዳት ዝርዝር ውስጥ አለማስገባትም አለ። ፒቸር እዚያ የሚቆይበት ዝቅተኛው ጊዜ 15 ቀን ነው፤ ያን ሸሽታችሁ አሥር ቀን በጎደለ ሰው ትጫወታላችሁ፣ ከዚያ መጨረሻ ላይ ታስገቡታላችሁ።

የተጎዳውን ልጅ መርሳት

ቡድኑ ሲሯሯጥ እሱ ብቻውን ይቀራል። ፊዚዮቴራፒው ጠዋት ነው፣ ጨዋታው ማታ፤ በሳምንቱ የጓደኞቹ ቀልድ አይገባውም። እኔ ያን ጥርሱን በግራ የሚቦርሸውን ልጅ መጀመሪያ ቤቱ እንዲያርፍ ነበር የነገርኩት፣ እንደ ደግነት ቆጥሬው። አንድ ቀን ሳይነግረኝ መጥቶ አጥር ሥር ቆመ። የውርወራ መቁጠሪያዋንና ደብተሩን ሰጠሁት፣ ከጎኔ ተቀመጠ።

አራተኛው ኢኒንግ ላይ ክንዴን ነካ አደረገኝ። ሜዳ ላይ የነበረው አዲስ የወጣ ልጅ ነበር፣ ውጤቱ ደህና ነው፣ ኳሱም ስትራይክ እየገባ ነው። "አሰልጣኝ፣ 31ኛው ላይ ነን" አለኝ። "እና?" አልኩት። "ክርኑ ወርዷል። ከ27ኛው ጀምሮ።"

አየሁት። ወርዷል። ጨዋታው ለአፍታ እንዲቆም ጠይቄ ወደ ጉብታው ወጣሁ።