ዋሽንቱ ይቅደም፦ ለሰሜን ሸዋ ጀማሪ ባንዶች የቅኝትና የድምፅ መመሪያ

ደብረ ብርሃን ወይም መሐል ሜዳ ላይ አራት አምስት ወጣቶች ተሰባስበው ባንድ ሲያቋቁሙ መጀመሪያ የሚገዛው ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ ጊታርና ድራም ነው። ክራሩና ዋሽንቱ በኋላ ለማሳመሪያ ይጨመራሉ። እንዲህ የተጀመረ ባንድ መድረክ ላይ ሲወጣ ክራሩ አይሰማም፣ ዋሽንቱ ከጊታሩ ጋር ይጣላል፣ ድምፃዊውም ማንን እንደሚከተል ይጠፋዋል። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። ዋሽንት፣ ክራር፣ ከበሮ፣ ቤዝ ጊታርና አንድ ድምፃዊ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይበቃሉ። መሰንቆና ኤሌክትሪክ ጊታር ቀጥለው ይግቡ፤ ድራሙ ከሁሉም በኋላ ይምጣ።

ዋሽንቱን የምናስቀድመው መቃኛ ስለሌለው ነው። ክራሩም ጊታሩም ሊጠብቅ ሊላላ ይችላል፤ ሸምበቆ ግን አንዴ ከተበሳ ድምፁ ተወስኗል። ልምምድ ስትጀምሩ ዋሽንት ነፊው አምስት ደቂቃ ያህል ነፍቶ ያሙቀውና አንድ ድምፅ ረዘም አድርጎ ይያዝ። ስልክ ላይ በሚጫን ቱነር፣ ማለትም የድምፅ ከፍታ መለኪያ፣ ለኩት። ከመደበኛው በ20 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው) ከፍ ካለ የቱነሩን መነሻ ከ440 ወደ 445 ኸርዝ ቀይሩና ሌላው ሁሉ በዚያ ይቃኝ። «ትንሽ ልዩነት ነው» ብሎ ማለፍ ጎጂ ነው፤ ቤዙ ሲገባ ያቺ ትንሽ ልዩነት ጆሮ የሚቆረቁር ንዝረት ትሆናለች። ዋሽንት ነፊው ለየመነሻ ድምፁ የሚሆን ሁለት ሦስት ዋሽንት ቢይዝ ደግሞ ድምፃዊው አይጨነቅም።

ባለ ስድስት አውታር ክራር በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ቅኝት ነው፤ ስድስተኛው አውታር የመጀመሪያው ድምፅ ድጋሚ ነው። ስለዚህ ዘፈኖቹን በስሜት ብቻ ከደረደራችሁ ክራር ተጫዋቹ መድረክ ላይ በየመሀሉ ሲቃኝ ያመሻል። የሚከተለው አካሄድ ድካሙን ያቀልለታል። ዶን መነሻ ብናደርግ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ከዚያ ሬ በግማሽ ዝቅ ብሎ ሚ ፍላት (በግማሽ ዝቅ ያለው ሚ) ወደ ፋ ሲወጣ አምባሰል ይመጣል። አሁንም ሶል በግማሽ ዝቅ፣ ላ ፍላት በግማሽ ከፍ ሲል አንቺ ሆዬ ነው። በእያንዳንዱ ሽግግር የሚነኩት ሁለት አውታሮች ብቻ ናቸው፤ ዶዎቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሆኖ ሲወሰድ ከትዝታ ሜጀር ሦስት አውታር ይለያል። ስለዚህ ወይ ምሽቱን በባቲ ክፈቱና ከዚያ ወደ ትዝታ እለፉ፣ ወይ ሁለተኛ ክራር አዘጋጁ።

በሮክ ያደገ ጊታር ተጫዋች እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ መነሻውና አምስተኛው ድምፅ ነው፤ ዶና ሶል አንድ ላይ። በትዝታና በአምባሰል ይሄ ያምራል። አምባሰል ላይ ግን ሚ መጨመር የለበትም፤ ሚ ፍላትም እንዲሁ። ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም፤ የገቡ ዕለት አምባሰሉ አምባሰል መሆኑ ያበቃል። አንቺ ሆዬ ላይ ሶል ራሱ ዝቅ ስላለ ዶና ሶልን መምታት ከክራሩ ጋር በቀጥታ መጋጨት ነው። እዚያ ፋ እና ዶን፣ ወይም ፋ፣ ላ፣ ዶን ያዙ። ዲስቶርሽኑን፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን ማለት ነው፣ ከለመዳችሁት በግማሽ ቀንሱት፤ ሲበዛ መሰንቆው የሚዘፍንበትን የድምፅ ቦታ ሁሉ ይሸፍነዋል።

ድራም ተጫዋቹ ሲመጣ ትልቁ ስሕተት ጭክጭካን፣ የእስክስታውን ምት፣ በአራት መቁጠር ነው። ምቱ ስድስት ነው፦ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አራት-አምስት-ስድስት። ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) አንድ ላይ ብቻ ይረፍ፤ አራቱን ለከበሮው ሰፊ አፍ ይተውለት፤ አለበለዚያ ሁለት ወፍራም ድምፆች ተደራርበው ይደፈርሳሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ እስክስታ የሚችል ሰው ጥሩና እያጨበጨበ ትከሻውን ይሞክር። ምንጃር ላይ ሕፃን እንኳ የሚመታው ጭብጨባ እናንተ ጋ ከተደናበረ ጥፋቱ የድራሙ ነው።

ክራርና መሰንቆ በማይክ ብቻ ከድራም ጋር አይሰሙም። ርካሹ መፍትሔ ቆዳው ላይ፣ ከበርኩማው (አውታሮቹን ከቆዳው በላይ ከሚደግፈው እንጨት) ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ የሚለጠፍ ፒዬዞ ፒክአፕ፣ ማለትም ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ትንሽ ድምፅ ተቀባይ፣ ነው። በርኩማው ሥር አታድርጉት፤ የጣት ንኪ ሁሉ ይንኳኳል። ፒክአፑን በቀጥታ ሚክሰር ላይ ከሰካችሁ ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቶ የቆርቆሮ ድምፅ ብቻ ይቀራል፤ ፒዬዞ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ወደ 1 ሜጋኦም የሚጠጋ መግቢያ ይፈልጋልና በመሀል ፕሪአምፕ (ቅድመ ማጉያ) ይግባ። ጩኸት ወይም ፊድባክ የሚመጣው የተወጠረው ቆዳ ራሱ እንደ ማይክ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ስለሚቀበል ነው። ስፒከሮቹን ከተጫዋቾቹ ፊት አስቀድሙ፣ ከ120 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፣ ክራሩንም ከሞኒተሩ (ለተጫዋቾቹ ድምፅ ከሚያሰማው ስፒከር) ፊት ዘወር አድርጉት። የዋሽንት ማይክ ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን፣ 15 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ይቁም፤ አለዚያ የሚሰማው ትንፋሽ ነው። የመሰንቆው ጭራ ከተንሸራተተ ደጋኑን ዕጣን ወይም የቫዮሊን ሙጫ ቀቡት፤ በእጅ ቅባት የተነካ ጭራ ግን ሙጫም አይረዳውም።

የልምምድ ክፍላችሁ የብሎኬት ከሆነ ሁለት ትይዩ ግድግዳዎች ላይ ባና ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ ካለ ይበልጥ ድምፅ ይመጥጣል።

የዓመቱን ሥራ በአቆጣጠራችን አቅዱ። ሰርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት ጭፈራ ስለማይኖር አዲስ ዘፈን ለመሥራትና ለመቅዳት ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ዜማ ከአዝማሪ ወይም ከአገር ሽማግሌ ስትወስዱ «አባባ፣ እንቅዳው ወይ?» ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ፣ ለጊዜያቸው ክፈሉ፣ ዘፈኑ ሲወጣም ስማቸውን ጥቀሱ። ይህን ማስቀረት ነውር ነው። ራሳችሁ የሠራችሁትን ደግሞ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ከመቀዳቱ በፊት ጽፋችሁ ተፈራረሙ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥምና ዜማ ደራሲዎችም ለተጫዋቾችም መብት ሰጥቷል። ገቢውን በአባላቱ ቁጥር ላይ አንድ ድርሻ ጨምራችሁ ክፈሉት፤ የተጨመረው ድርሻ የአውታር፣ የኬብልና የጥገና ነው።

ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ለመጫወት ስትወርዱ መሣሪያው ሁሉ ይዛባል። ከፍታው ከ2,800 ሜትር ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ሙቀቱም በአሥራ ምናምን ዲግሪ ሊጨምር ይችላል። በአንድ ዲግሪ ሙቀት ዋሽንት ወደ 3 ሴንት ከፍ ይላል፤ የብረት ክሮች ግን በተቃራኒው ይላላሉ። ክፍተቱ ሩብ ድምፅ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከዝግጅቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ መሣሪያዎቹን ከከረጢት አውጥታችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቃኙ። ስትመለሱ የክራሩን አውታሮች አንድ ዙር አላሉ። ከበሮውን ግን መኪና ጣሪያ ላይ አትሰሩት፤ ጣርማበር ላይ ጉሙ ቆዳውን ያረጥበዋል። የረጠበ ከበሮ ፀሐይ ላይ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ምድጃ አጠገብ የደረቀ ቆዳ ከጠርዙ ይቀደዳል።