የሐረሪ ስፌት ጥለትን ኢንዲዛይን ላይ መሳል

ሐረር ላይ የሰርግ ካርድ የሚሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ደንበኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፌት ፎቶ በቴሌግራም ይልክና «ወንድሜ፣ ይቺን ካርዱ ላይ አድርግልኝ» ይላል። ፎቶው ሲላክ ተጨምቋል፤ ስልክ ላይ ደህና ይመስላል፣ ሲታተም ግን ዳር ዳሩ ይሻክራል። ይሄኔ ብዙ ሰው የሥዕል ፕሮግራሙን ኢለስትሬተርን ሊከፍት ይሮጣል። ለዚህች አያስፈልግም፣ የገጽ ማቀናበሪያው ኢንዲዛይን ላይም ቬክተር ይሳላል፤ ቬክተር ደግሞ ፒክስል ሳይሆን ነጥብና መስመር ስለሆነ ከካርድ ወደ ባነር ብትለጥጡትም አይደበዝዝም።

ሙሉውን ስፌት ልሳል ብላችሁ አትነሱ፣ ሌሊቱ ይነጋባችኋል። የሚደጋገመውን አንድ ቁራጭ ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ማዕዘን ነው።

መጀመሪያ ከላይና ከጎን ካለው ማስመሪያ ሁለት ጋይድ (የማይታተም መምሪያ መስመር) ጎትታችሁ አገናኙ። መገናኛው የስፌቱ መሃል ይሆናል። ከዚያ «ፒ»ን ተጭናችሁ ፔን ቱልን (የመሳያ ብዕሩን) ያዙና ሦስት ቦታ ክሊክ አድርጉ፤ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ስትመለሱ ከብዕሩ ጎን ትንሽ ክብ ትመጣለች፣ ያኔ ክሊክ ስታደርጉ ቅርጹ ይዘጋል። ጎኑ ጎበጥ እንዲል ከፈለጋችሁ ነጥቡን ስትጥሉ ማውዙን ሳትለቁ ጎትቱ። ነጥብ ግን አታብዙ። በነጥብ የታጨቀ ኩርባ መቼም ልስልስ አይልም። የተጣመመውን በ«ኤ» ነጯን ቀስት አምጥታችሁ አቃኑት።

አሁን ወደ ዋናው። 12 ቁራጭ ከፈለጋችሁ 360 ለ12 ሲካፈል 30 ነው። ሦስት ማዕዘኑን መርጣችሁ ሮቴት ቱልን (ማዞሪያውን) ያዙ፣ የጋይዶቹ መገናኛ ላይ አንዴ ክሊክ አድርጉ፣ ቀጥሎ የመሣሪያው ምልክት ላይ ደብል ክሊክ። በሚከፈተው መስኮት 30 ጻፉና ኮፒ በሉ። ኦኬ ካላችሁ ዋናው ራሱ ይዞርና ኮፒ አታገኙም። ሁለቱን አንድ ላይ መርጣችሁ በ60 ኮፒ፣ አራት ሆኑ። አራቱን በ120 ኮፒ፣ አዲሶቹን አራት ብቻ ይዛችሁ እንደገና በ120 ኮፒ። 12ቱ ሞሉ፣ አንድ በአንድ ከማዞር ይሄ ይሻላል። በየጊዜው ግን መሃሉን መገናኛው ላይ ክሊክ ማድረግ አትርሱ፣ አለዚያ ቁራጮቹ የትም ይበተናሉ።

ቀለም የምትቀቡት እዚህ ላይ ነው። ስፌት ያለ ቀይና ቢጫው ምኑ ስፌት ነው?

በቀለም ፈንታ ፎቶ የምትሞሉበት ሌላም መንገድ አለ፦ የጥለቱን አንድ ኮፒ ለብቻው አስቀምጣችሁ 12ቱን ምረጡና ከኦብጀክት ሜኑ ፓዝፋይንደር (ቅርጾችን ማጋጠሚያና መቁረጫ)፣ ከዚያ አድ በሉ። አንድ ቅርጽ ይሆናሉ። የተለያየ ቀለማቸው ግን ይጠፋል፣ ኮፒ አስቀምጡ ያልኩት ለዚህ ነው። ይህን አንድ ቅርጽ መርጣችሁ ኮንትሮልና «ዲ» ስትጫኑ ፎቶ ያስገባላችኋል፣ የጁገል በር ወይም የሙሽሮቹ ፎቶ በጥለቱ ውስጥ ይታያል። ለዚህ ፎቶው ጥራት ያስፈልገዋልና ደንበኛውን እንደ ፋይል ላክልኝ በሉት። መሃሉን መብሳት ካማራችሁ ደግሞ ክብ ሥሩ፣ ከላይ አድርጉትና በዚያው ፓዝፋይንደር ሰብትራክት (ቀንስ) በሉ።

ጽሑፉ ጥለቱን ዞሮ እንዲሄድ ቴክስት ራፕ የሚባለውን መስኮት ክፈቱና የቅርጹን ዳር የሚከተለውን ምረጡ። 3 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ስጡት፣ የአማርኛ ፊደል ሲጣበቅ ያስጠላል።

ገንዘብ ለሌለው ስክራይበስ የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም በነፃ አለ፤ እሱም ኩርባ የሚሳልበት የቤዚየር መሣሪያ አለው፣ የሜኑ ስሞቹ ግን ይለያያሉ።

ማተሚያ ቤቱ ድሬ ይሁን አዲስ አበባ፣ ጄፔግ አትላኩ። ጄፔግ ካደረጋችሁት ያ ሁሉ ቬክተር ተመልሶ ፒክስል ሆነ ማለት ነው። ፒዲኤፍ አውጡ፣ ጥለቱ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ከደረሰ 3 ሚሊሜትር ብሊድ (ከጠርዙ ወጥቶ የሚቆረጥ ትርፍ) ጨምሩ፣ ከ0.25 ፖይንት የቀጠነ መስመር ካለም አወፍሩት።