ከባሕር ዳር ናይሮቢ፦ ተማሪ ሆኖ ከጓደኛ ጋር በትንሽ ገንዘብ እንዴት ይኬዳል?

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ዶርም ውስጥ ተጋድሞ ለሚያስብ ተማሪ ውጭ አገር ሄዶ ከተማ ማየት የሩቅ ሕልም ይመስላል። ግን ሁለት ሆናችሁ፣ ቅርብ ከተማ መርጣችሁ፣ ወራት ቀደም ብላችሁ ከተነሳችሁ ይቻላል።

የምመክራችሁ ከተማ ናይሮቢ ነው። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ዱባይ ወይም ኢስታንቡል ስታስቡ ከትኬቱ በፊት የቪዛ ክፍያ፣ የባንክ ማስረጃና ምልልስ ይመጣል። ናይሮቢ ላይ ይህ ሁሉ ስለሚቀር ገንዘባችሁ ትኬት፣ አልጋ፣ ምግብና ትራንስፖርት ላይ ብቻ ይውላል። ደንብ ግን ሊቀየር ስለሚችል ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኬንያ ኢሚግሬሽንን ድረ ገጽ አንዴ እዩት።

ጉዞው ርካሽ መሆን አለመሆኑ በአብዛኛው የሚለየው ገና ባሕር ዳር እያላችሁ ነው። ስለዚህ ስለ ዝግጅቱ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

1. ጓደኛ ምረጡ፣ ስለ ገንዘብ ሳታፍሩ ተነጋገሩ

ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ጣና ዳር ተቀምጦ አሳ አብሮ መብላት የሚያስደስት ጓደኛ ሁሉ ለጉዞ አይሆንም። የምትፈልጉት አቅሙ ከናንተ ጋር የሚቀራረብና «ዛሬ ይህን አልችልም» ማለት የማይከብደው ሰው ነው።

እኛ ዘንድ ችግሩ ይሉኝታ ነው። ካፌ ሲገባ «እኔ ልክፈል»፣ «ኧረ በሞቴ» እየተባባልን አድገናል። ደስ የሚል ልማድ ነው፤ በጠባብ በጀት ውጭ አገር ሲኬድ ግን ይጎዳል። አንዱ በይሉኝታ ከአቅሙ በላይ ይከፍላል፣ ሌላው ሳያውቀው ቅር ያሰኘዋል፣ በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ዝም ይባባላሉ።

መድኃኒቱ የጋራ ኪስ ነው። ሁለታችሁም እኩል ታዋጣላችሁ። አልጋ፣ ትራንስፖርትና ምግብ ከዚያ ይከፈላል። ልብስ፣ ስጦታ፣ የግል ፍላጎት ከየራሳችሁ ይሁን። ኪሱን አንድ ሰው ይያዘው፣ ማታ ማታ የወጣውን ስልኩ ላይ ይጻፍና ሌላው ይየው። ይህ ያለመተማመን ምልክት አይደለም። እንዲያውም ሁለታችሁም እፎይ ብላችሁ እንድትተኙ ያደርጋል።

ከመነሳታችሁ በፊት ጣሪያችሁን ወስኑ፤ ከዚህ በላይ አናወጣም የምትሉትን ማለቴ ነው። እያንዳንዳችሁ የግድ ማየት የምትፈልጉትን አንድ አንድ ነገር ጥቀሱ። ለሕመም ወይም ለጠፋ ስልክ የማይነካ መጠባበቂያ አስቀምጡ። ግማሽ ቀን ለየብቻ መዋልም ነውር እንዳልሆነ ከወዲሁ ተስማሙ።

ለቁጠባው ከዶርም ልጆች ጋር እቁብ መግባት ጥሩ መንገድ ነው። ዕጣችሁ ከትኬት መቁረጫው ጊዜ በፊት እንዲወጣ ከእቁቡ ሰብሳቢ ጋር ተነጋገሩ። ቤት ለቤት ማስጠናትም አለ፤ ከተማው ውስጥ ለልጆቹ አስጠኚ የሚፈልግ ወላጅ አይጠፋም። በግቢ ካፌ ለማይበላ ተማሪ የሚሰጠውን የነን ካፌ ብራችሁን ግን አትንኩ። ተርቦ የተቆጠበ ገንዘብ በኋላ በሕክምና ይወጣል።

2. ፓስፖርትና ቢጫ ካርድ

ፓስፖርት ከሌላችሁ በመደበኛው መንገድ አመልክቱ፣ ያውም ወራት ቀደም ብላችሁ። የአስቸኳዩ ክፍያ ከመደበኛው በብዙ ስለሚበልጥ፣ ቀደም ብሎ መጀመር ብቻውን ትልቅ ቁጠባ ነው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፣ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለ። የልደት ሰርተፊኬትና መታወቂያችሁ ላይ ያለው ስም አንድ ዓይነት መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ። «ኃይለ» እና «ሀይለ» በአማርኛ ለውጥ የለውም፤ በላቲን ፊደል ግን አንዲት ፊደል ስትለይ ምልልስ ታመጣለች።

ፓስፖርቱ እጃችሁ ሳይገባ ትኬት አትቁረጡ። ፓስፖርት ያላችሁም ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ የቀረው መሆኑን እዩ። ስትቆርጡ የአያት ስም በየትኛው መስመር እንደተጻፈ ተመልክታችሁ ፊደል በፊደል ገልብጡ።

የቢጫ ወባ ክትባትም ያስፈልጋል። ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከፓስፖርቱ ጋር ያዙት እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት።

3. ጊዜ ምረጡ

በአንደኛና በሁለተኛ ሰሚስተር መካከል ያለው ዕረፍት ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት ከዋለላችሁ እሱን ያዙ። ናይሮቢ ያኔ ደረቅና ሞቅ ያለች ናት፣ የፈረንጆች ገና ሰሞን የሚወደደው ትኬትም ረገብ ይላል። የጥምቀትን ሰሞን ግን ዝለሉት። የጎንደርና የባሕር ዳር በረራ ያን ጊዜ ይጨናነቃል።

የክረምት ዕረፍትም ይሆናል። እኛ ዘንድ ዝናቡ ሲወርድ ናይሮቢ ብዙም አይዘንብም። ግን ሐምሌና ነሐሴ ደመናማና ቀዝቃዛ ናቸው። ከተማዋ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ልክ እንደ ባሕር ዳር። ሆኖም የባሕር ዳርን ሙቀት ጠብቃችሁ በቲሸርት ብቻ አትሂዱ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ረጅሙ ዝናብ ስለሆነ ተዉት።

4. በአየር ወይስ በመኪና?

ብዙ ሰው መኪና ርካሽ ነው ብሎ ይጀምራል። እስቲ እናስላው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አንድ ቀን። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢም ያንኑ ያህል ይሆናል። መንገዱ አስፋልት ነው፣ ሞያሌ ላይም እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የሁለቱን አገር የድንበር ሥራ አንድ ቦታ የሚጨርስ ጣቢያ ተመርቋል። ቢሆንም ለመሄድ ሦስት ቀን፣ ለመመለስ ሦስት ቀን ይፈጃል። የአልጋና የምግብ ወጪም በየከተማው አለ። የአንድ ሳምንት ዕረፍት ላለው ተማሪ ይህ አያዋጣም። ሙሉ ክረምት ካላችሁና መንገዱን ራሱን ማየት ከፈለጋችሁ ያምራል፤ ግን የየአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ሳታጣሩ አትነሱ። ይህ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለውንም ይጨምራል።

እኔ አውሮፕላኑን እመርጣለሁ። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከባሕር ዳር ናይሮቢ በአንድ ትኬት የሚቆረጠውን ለየብቻ ከሚቆረጠው ጋር አወዳድሩ። በአንድ ትኬት ከሆነ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ አየር መንገዱ ወደሚቀጥለው ያዛውራችኋል። ለየብቻ ከቆረጣችሁ ግን መሃል ላይ ሰፊ ሰዓት ተዉ፣ ምናልባት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት እደሩ።

ሰዓቱን ስታነቡ ተጠንቀቁ። ትኬት ላይ 03:00 ከተባለ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቀኑም የሚለወጠው በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የማክሰኞ 00:30 በረራ የሚያዘው ሰኞ ማታ አየር ማረፊያ ሄዶ ነው።

5. ገንዘቡን በዶላር አስቡ

ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ ስለሚወሰን በብር የሠራችሁት በጀት ከወራት በኋላ አይሠራም። በዶላር አስሉ። ባንክ ለመንገደኛ ዶላር የሚሸጠው ፓስፖርትና ትኬት አይቶ ነው። ከአንድ በላይ ባንክ ጠይቁ፣ ተመኑም ኮሚሽኑም ይለያያል። መንገድ ላይ ከሚያዘዋውር ሰው አትግዙ፤ ሕገ ወጥ ነው፣ ሐሰተኛ ኖትም አለ።

ናይሮቢ ስትደርሱ አየር ማረፊያ የምትመነዝሩት ለመጀመሪያው ቀን የሚበቃ ብቻ ይሁን። ቀሪውን ከተማ ውስጥ ካሉ ፈቃድ ያላቸው መመንዘሪያዎች ዋጋ አወዳድራችሁ ለውጡ። ሲም ካርድ በፓስፖርት ይወጣል፣ ስታወጡም ኤም-ፔሳ አስከፍቱ። ናይሮቢ ከኪዮስክ እስከ ታክሲ በእሱ ይከፈላል፣ ኪሳችሁ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ እንዳይበዛም ያግዛል።

6. ማደሪያ

ሁለት መሆናችሁ የሚጠቅማችሁ እዚህ ላይ ነው። አንድ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ብዙ ጊዜ በሆስቴል ከሚከራይ ሁለት ነጠላ አልጋ ብዙም አይበልጥም። ኪሊማኒና ሃርሊንግሃም አካባቢ ኢትዮጵያውያንም ምግብ ቤቶቻቸውም ስላሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ደህና ናቸው። ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ብዙ የማይርቀው የዋይኤምሲኤ ማደሪያም ቀላል አማራጭ ነው። መሃል ከተማ ሪቨር ሮድ አካባቢ ርካሽ አልጋ ይገኛል፤ ማታ ግን የሚመከር ሰፈር አይደለም። የተቆጠበው ገንዘብ በታክሲ ይሄዳል።

ወጥ ቤት ያለው ቤት ካገኛችሁ ቁርስ ቤት ብሉ። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከባሕር ዳር ያዙ። በፌስታል ግን አትቋጥሩት። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢትን ከልክላለች። በጨርቅ ከረጢት ወይም በዕቃ አድርጉት። የስልክ ቻርጀራችሁም እዚያ ሶኬት አይገባም፤ የኬንያ መሰኪያ ጥርሱ ሦስት፣ ወፍራምና አራት ማዕዘን ነው። ማስተላለፊያ ግዙ።

7. ከተማው ውስጥ

ትራንስፖርቱ ማታቱ ነው፣ የኛን ሚኒባስ ታክሲ የመሰለ፤ ሙዚቃው ከፍ ያለ፣ ሥዕሉ የደመቀ። ዋጋው በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ይጨምራል፣ ዝናብ ከጣለም እንዲሁ። ስለዚህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ውጡ፣ ከአሥር ሰዓት በፊት ተመለሱ። ሳትሳፈሩ ረዳቱን ዋጋ ጠይቁ። ማታ ከሆነ በኡበር ወይም በቦልት ታክሲ አስመጡ። ለሁለት ሲካፈል አይከብድም።

ኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው። ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ይህን በየመንገዱ ለራሳችሁ አስታውሱ። ስልካችሁንም በማታቱ መስኮት አጠገብ አትያዙ፤ ነጥቆ መሮጥ የተለመደ ነው።

ምግብ ኪባንዳ በሚባሉት ትናንሽ ቤቶች ብሉ። ኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) በሱኩማ ዊኪ (ጎመን)፣ ቦሎቄ፣ ቻፓቲ (ቂጣ)፣ በቆሎና ቦሎቄ የተቀቀለበት ጊዘሪ፤ ሆድ ይሞላል፣ ኪስ አይጎዳም። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙም ይመቻል፣ ብቻ በወተት ወይም በጮማ ያልተሠራ መሆኑን ጠይቁ። እንጀራ ከናፈቃችሁ ይገኛል፣ ግን ከኪባንዳ ይወደዳል።

ለማየት እኔ የማስቀድመው ካሩራ ጫካን ነው። ወደ 1,000 ሄክታር የሚሆን ደን በከተማው ውስጥ አለ፤ ፏፏቴ፣ ዋሻ፣ የእግርና የብስክሌት መንገድ። ይህ ደን ዛሬ ያለው በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ታጋይ ዋንጋሪ ማታይና ሌሎች ሕንጻ እንዳይሠራበት ስለታገሉ ነው። ማታይ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝታለች። ጣና ዳር ያለው ዛፍ ሲመነጠር ለሚቆጨን ልጆች ይህን ጫካ መርገጥ ትልቅ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ዋሉበት።

ብሔራዊ ሙዚየሙም አያምልጣችሁ። ወደ 1.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የቱርካና ልጅ አጽም ያለው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ሉሲን ያያችሁ ከሆነ ሁለቱን ማነጻጸር ደስ ይላል። ከዚያ መሃል ከተማ የኬንያታ ኮንፈረንስ ማዕከል ጣሪያ ላይ ውጡና ከተማውን ከላይ እዩ።

የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳና አውራሪስ ከከተማው አጠገብ የሚታይበት ድንቅ ቦታ ነው። ግን ለውጭ ዜጋ መግቢያው ውድ ነው፣ መኪናም ያስፈልጋል። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። የትም ስትገቡ የተማሪ መታወቂያችሁን አሳዩ፣ ለአፍሪካ ዜጋ የተለየ ዋጋ ካለም ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም።

8. ከመመለሳችሁ በፊት

ሽልንግ ባሕር ዳር የሚመነዝርላችሁ አታገኙም። የመጨረሻው ቀን ጠዋት የጋራ ኪሱን ቁጠሩ። የአየር ማረፊያ ታክሲና የአንድ ምግብ ዋጋ አስቀሩ፣ የተረፈውን እዚያው ወደ ዶላር መልሱና ለሁለት ተካፈሉ። ኤም-ፔሳ ላይ የቀረ ካለም ሲሙን ከማውጣታችሁ በፊት ወኪል ጋ ሄዳችሁ በጥሬ አውጡት።