የሒሳብ ሕግን በትንንሽ ቁጥር መፈተሽ፦ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች

የማስተምረው 7ኛ እና 8ኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ሚኒስትሪ ሲቃረብ ተማሪዎቼ ሕግ ሲሸመድዱ ይከርማሉ። ሕጉንማ ያውቁታል። የሚያስቸግራቸው የትኛው ሕግ የት እንደሚሠራ መለየቱ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምላቸው አንድ ነገር ነው፦ ከተጠራጠራችሁ ሕጉን በትንሽ ቁጥር ፈትሹት።

ከኔጌቲቭ ቁጥር እንጀምር፤ ብዙ ማርክ የሚባክነው እዚህ ነው። «ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ» የሚለውን የማያውቅ ተማሪ የለም። ታዲያ −3 − 5 ሲሰጠው 8 ብሎ ቁጭ ያደርጋል። ያ ሕግ የማባዛትና የማካፈል ነው። እዚህ የሚባዛ ነገር የለም። ከጓደኛችሁ 3 ብር ተበድራችኋል እንበል። ሳትመልሱ 5 ብር ደገማችሁ። አሁን 8 ብር ዕዳ አለባችሁ። መልሱ −8 ነው። −9 + 4 ከሆነ ደግሞ 9 ብር ዕዳ ላይ 4 ብር ከፈላችሁ፤ የቀረው ዕዳ 5 ነው፤ ስለዚህ −5።

ኔጌቲቭ ሲቀነስስ ለምን ይደመራል? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ግድም ላይ ናት። አፋር ውስጥ ያለው የዳናኪል ዝቅታ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ይህን −120 ብለን እንጽፋለን። የከፍታ ልዩነታቸው 2400 − (−120) ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ባሕር ወለል ለመድረስ 2400 ትወርዳላችሁ፤ ገና 120 ይቀራችኋል። ድምሩ 2520 ሜትር ነው።

የማባዛቱን ሕግ ለማመን ይህን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፦

−3 × 2 = −6
−3 × 1 = −3
−3 × 0 = 0
−3 × (−1) = ?

መልሱ በየመስመሩ በ3 እየጨመረ ነው የመጣው። ቀጣዩ 3 ካልሆነ ሰልፉ ይበላሻል። እንዲህ ያየ ልጅ ሕጉን አይረሳውም።

ወደ ክፍልፋይ እንሂድ። 1/2 + 1/3 ስንት ነው? ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሮ 2/5 የሚል ብዙ ነው። ቆም በሉና ፈትሹት። 2/5 ማለት 0.4 ነው። ግማሽ ላይ ሲሶ ጨምረን እንዴት ከግማሽ ያነሰ እናገኛለን? ትክክለኛው መንገድ ትንሹን የጋራ ብዜት መፈለግ ነው። የ2 እና የ3 ደግሞ 6 ነው። 3/6 + 2/6 = 5/6። ማባዛት ላይ ግን የጋራ ታህት አያስፈልግም፤ ላዕልን በላዕል፣ ታህትን በታህት ማባዛት ነው። ማካፈል ላይ ሁለተኛውን ገልብጣችሁ ታባዛላችሁ። 1/2 ÷ 1/4 ን በቃል ፈትሹት፦ ግማሽ ውስጥ ስንት ሩብ አለ? 2። ገልብጣችሁ ስታባዙም 1/2 × 4 = 2።

የስሌት ቅደም ተከተል አጭር ነው። መጀመሪያ ቅንፍ፣ ቀጥሎ ርቢ፣ ከዚያ ማባዛትና ማካፈል፣ በመጨረሻ መደመርና መቀነስ። ማባዛትና ማካፈል እኩል ደረጃ ናቸው፤ ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ይሠራሉ። 8 ÷ 2 × 4 መልሱ 16 እንጂ 1 አይደለም። −3² እና (−3)² ንም እባካችሁ ለዩ፤ የመጀመሪያው −9፣ ሁለተኛው 9 ነው።

በመጨረሻ ፐርሰንት፤ ይህ ከፈተናም ያለፈ ጉዳይ ነው፣ ሱቅ ስትገቡም ይፈለጋል። የአገራችን ቫት 15 በመቶ ነው። የ400 ብር ዕቃን ቫት በቃል ለማስላት 10 በመቶውን ያዙ፦ 40። ግማሹን ጨምሩበት፦ 20። ቫቱ 60 ብር፣ ጠቅላላው 460 ብር ሆነ። አሁን ጥያቄውን እንገልብጠው። ደረሰኙ ቫትን ጨምሮ 460 ብር ይላል፤ የዕቃው ዋጋ ስንት ነው? ብዙ ተማሪ የ460ን 15 በመቶ ይቀንስና 391 ይላል። ግን 15 በመቶው የተሰላው ከ460 ላይ ሳይሆን ከመነሻው ዋጋ ላይ ነው። መነሻው 100 በመቶ ከሆነ 460 ማለት 115 በመቶው ነው። ስለዚህ 460 ÷ 1.15 = 400። የ391ን 15 በመቶ አስሉና መልሳችሁ ደምሩበት፤ 449.65 እንጂ 460 አይመጣም።