የስኳር መድኃኒት ይዛችሁ ካናዳ ለገባችሁ

ቶሮንቶ ኖሬ ፒያሳ መመለሴን የሰማ ሁሉ የሚደውልልኝ በአንድ ጉዳይ ነው። «እማዬ ገብታለች፣ ስኳር አለባት፣ መድኃኒቷ ሊያልቅ ነው፣ ሰው ሲመጣ ላክልን።» ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ኢንሱሊን ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በሻንጣ እንድልክለት ጠየቀኝ። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው።

ኢንሱሊን በሰው አይላክም። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ በረዶ ከሠራ ይጣላል። የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ምን ያህል ሊበርድ እንደሚችል ደግሞ አታውቁም። ታማሚው ራሱ በእጅ ሻንጣ፣ ከነካርቶኑ ይያዘው።

ከዚህ መላክ ያለበት ወረቀት ነው። ክትትል ከሚደረግበት ሆስፒታል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማጠቃለያ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የመጨረሻው የሦስት ወር የስኳር ውጤት ያለበት። ይህንንም ከመብረራችሁ በፊት አውጡ። አንድ ዘመዴ ከዚያ ሆኖ ለእናቱ አውጣልኝ አለኝና ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆምኩ። የካርድ ቁጥር? የለም። ስም ከነአያት? ደወልኩለት፣ የእናቱን አያት ስም አያውቅም። ቢያውቅም ያለ ታማሚዋ ወይም ያለ ውክልና አንሰጥም አሉኝ። በአሠራሩም በልጁም ተናድጄ ተመለስኩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ይቺን በደንብ አንብቡ። እዚህ ግሊበንክላማይድ የሚባለው ስኳር የሚያወርድ ክኒን ካናዳም አሜሪካም ግላይቡራይድ ነው የሚባለው። መድኃኒቱ ያው ራሱ ነው። እኔ ስገባ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ከገዛሁት ተርፎኝ ነበር። ለሐኪሙ «ሜትፎርሚንና አንድ ሌላ ክኒን እወስዳለሁ» አልኩት። እሱም ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ ጻፈ፣ ያ ሌላ ክኒን ምን እንደሆነ አልጠየቀም። መድኃኒት ቤቱ ግላይቡራይድ ሰጠኝ። ስሙ ሌላ፣ መልኩ ሌላ፣ ተጨመረልኝ ብዬ ሁለቱንም መዋጥ ጀመርኩ። ባቡር ውስጥ ላብ በላብ ሆንኩ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ የምወርድበት ጣቢያ ጠፋብኝ። አጠገቤ የነበረው ሰው ሰካራም መስዬው ቦታ ቀየረ። አንዲት የአገራችን ሴት ነገሩ ገብቷት ጁስ አጠጣችኝና ተሻለኝ፣ ቤት ገብቼ ተኛሁ፣ ማታ ስኳሬ እንደገና ወረደ። ይህ ክኒን ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ አንዴ ጣፋጭ ወስዶ ዳንኩ ማለት አይቻልም፣ ሆስፒታል ገብቶ መታየት ያስፈልጋል። በተለይ አረጋውያንና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ላይ ይበረታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ «ነጯ ክኒን» ብሎ ነገር የለም። ከአዲስ አበባ ያመጣችሁትን ሁሉ፣ ከነማሸጊያው፣ በፌስታል አድርጋችሁ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፉት። አዲሱን ስትቀበሉም ፋርማሲስቱን «ይሄ በዚህ ፈንታ ነው ወይስ በተጨማሪ?» ብላችሁ ጠይቁ። አያሳፍርም፣ አትፍሩ።

ቁጥሩም ሌላ ነው። እዚህ በባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤነኛ፣ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር፣ 126ና ከዚያ በላይ ሲደጋገም ስኳር ነው እንላለን። ካናዳ ሌላ መለኪያ ስለሚጠቀሙ 126 የእነሱ 7 ነው፣ የእነሱን ቁጥር በ18 አባዙት። አንዲት እናት «ስኳሬ ከ160 ወደ 9 ወረደልኝ፣ ተመስገን» ብለው መድኃኒታቸውን አቁመው ነበር። 9 ማለት 162 ነው! ማሽኑ ከ4 በታች ካሳየ ደግሞ ወርዷል ማለት ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም ትንሽ ጁስ ጠጡና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ።

ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሐኪም በነጻ ነው ማለት መድኃኒት በነጻ ነው ማለት አይደለም። የጤና ካርዱ የጎልማሳን ክኒን በአብዛኛው አይከፍልም። የመድኃኒት ወጪው ከገቢው ጋር ሲነጻጸር ለከበደበት ትሪሊየም የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ቅጹ አሰልቺ ቢሆንም ሙሉት። ካርድ ገና ያልደረሳችሁ የማህበረሰብ ጤና ጣቢያ ፈልጉ፣ ያለ ካርድም ያያሉ።

ስኳር የለብኝም የምትሉስ ተለክታችሁ ታውቃላችሁ? ዓይነት አንድ የሚባለውን መከላከል አይቻልም። ዓይነት ሁለትን ግን መከላከል እንደሚቻል በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል፦ ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ሲሠሩ በሽታው የሚይዛቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የቀነሰው 31 በመቶ ነው። እዚህ ከፒያሳ አራት ኪሎ በእግሩ ወጥቶ የሚወርድ ሰው እዚያ መኪና በገዛ በዓመቱ ቀበቶ ይቀይራል። የሌሊት ሥራ፣ በየእረፍቱ ለስላሳ፣ ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ። እንጀራውም ብዙ ቦታ ጤፍ ብቻ አይደለም፣ የስንዴና የሩዝ ዱቄት ይገባበታል። ንጹሕ ጤፍ ቢሆንም ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ሁለቱን እንጀራ አንድ አድርጉት፣ ጎመኑን ጨምሩ። ሽፈራው በሻንጣ ሞልታችሁ ሜትፎርሚን የምትተዉትን ግን ምን ልበላችሁ። ሽፈራውን ከወደዳችሁ ጠጡ፣ ለሐኪሙም ንገሩ፣ ክኒኑን አትተዉ። ጾምም እንዲሁ ነው፣ ግሊበንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን እየወሰዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል ሐኪም ሳያማክሩ የሚሞከር አይደለም።

ክረምት ሲገባ በስኳር የደነዘዘ እግር ማሞቂያ ላይ አታስጠጉ፣ ሳይሰማችሁ ይቃጠላል። ቦት ከማጥለቃችሁ በፊት ውስጡን በእጃችሁ ዳስሱ። የዓይን ምርመራ ስኳር ላለበት ሰው በኦንታሪዮ ካርድ በዓመት አንዴ ይሸፈናል። መነጽር ቤቱ ተጨማሪ ፎቶ ብሎ ገንዘብ ሲጠይቅ ግዴታ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ለምርመራው ዓይን ውስጥ የሚጨመረው ጠብታ ዓይን ስለሚያደበዝዝ የዚያን ቀን መኪና አትንዱ።