ከሞተርሆም ኋላ ለሚጎተት መኪና ፍሬን ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ መኖሪያ የሆነ ትልቅ ተሽከርካሪ፣ የሚነዳ ሰው ትንሽ መኪና በአራት ጎማዋ እየጎተተ ሲሄድ ማየት የተለመደ ነው። ትልቁ ተሽከርካሪ ካምፕ ግቢ ውስጥ ውኃና መብራት ተቀጥሎለት ይቆማል፤ ለገበያና ለጉብኝት በትንሿ ይወጣል። ይህን ስጽፍ በተለይ የማስባቸው እዚያው አሜሪካ በከባድ መኪና ሥራ የሚተዳደሩትን ወገኖቻችንን ነው። ፍሬን ያውቃሉ፤ ቁልቁለት ያውቃሉ። አንዳንዱ ስህተት የሚመጣው ግን ከዚያው እውቀት ነው።

የሚጎተተው መኪና ፍሬን ሁለት ተሽከርካሪዎችን ማግባባት አለበት፤ የሚጎትተውንም የሚጎተተውንም። አብዛኛው ገዢ አንዱን ብቻ አይቶ ወይም ጓደኛው የገዛውን ጠይቆ ይገዛል።

«ትልቁ ከባድ ስለሆነ ትንሿ አትሰማውም»

በመሄድ ላይ እውነት ነው፤ በማቆም ላይ ግን አይደለም። ብዙ የቤንዚን ሞተርሆሞች የተሠሩበትን የፎርድ ኤፍ 53 ሻንሲ (ሞተሩንና ጎማዎቹን የያዘውን የታች አካል) እንውሰድ። ሙሉ ጭነቱን ይዞ 22,000 ፓውንድ እንዲመዝን የተፈቀደለት ተሽከርካሪ 4,000 ፓውንድ የሆነች መኪና ሲጎትት፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ፍሬኑ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ጉልበት በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሻንሲው ፍሬን የተመጠነለት ለራሱ ክብደት እንጂ ለተጎታቹ ጭምር አይደለም። ስለዚህም ነው ፎርድ ከ1,500 ፓውንድ በላይ ለሚጎተት ነገር ሁሉ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው የሚጠይቀው። በመታጠፊያ ላይ ደግሞ ያለ ፍሬን የምትመጣ መኪና የሞተርሆሙን ጅራት ወደ ጎን ትገፋለች፤ በዝናብ ቀን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሕጉ ግዴታ የሚጀምርበት ክብደት ከስቴት ስቴት ይለያያል። በብዙዎቹ 3,000 ፓውንድ ነው፤ ቴክሳስ 4,500 ይላል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ጥብቁን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ፍሬን መግጠም የመጎተት አቅም አይጨምርም። ያው 22,000 ፓውንድ የሚፈቀድለት ሻንሲ ከተጎታቹ ጋር በድምሩ የሚፈቀድለት 26,000 ከሆነ፣ ሙሉ ጭነት ሲይዝ ለመኪናዋ የሚተርፈው 4,000 ነው። ባለ አራት በር ጂፕ ራንግለር ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያልፋል። መጀመሪያ ሚዛን ላይ ወጥቶ ማየት፣ ፍሬኑን ከዚያ መምረጥ ነው።

ቀይና ሰማያዊውን ቱቦ መፈለግ

የከባድ መኪና ሾፌር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ከመኪናው ወደ ተሳቢው አየር የሚያደርሱትን ቱቦዎች እዚህም ይጠብቃል። ሞተርሆም ሁሉ የአየር ፍሬን የለውም። ሞተራቸው ከኋላ የሆነው ትልልቅ የናፍጣ ሞተርሆሞች አብዛኞቹ አየር አላቸው፤ የቤንዚኖቹ ፍሬን የዘይት ነው። አየር ካለ፣ ከሞተርሆሙ አየር ተቀብለው የሚሠሩ እንደ ኤር ፎርስ ዋን ወይም ኤም ኤንድ ጂ ያሉ ሥርዓቶች አሉ፤ ሾፌሩ ፔዳሉን በረገጠው ልክ የኋላዋም ትይዛለች፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የተሻለ ስሜት የሚሰጡት እነዚህ ናቸው። አየር ከሌለ ደግሞ የራሳቸው ኮምፕሬሰር ያላቸው አሉ። ኢንቪዚብሬክ ወይም ስቴይ ኢን ፕሌይ ዱዎ መኪናዋ ውስጥ በቋሚነት ይገጠማሉ፤ ብሬክ በዲን የመሳሰሉት ደግሞ ከወንበሩ ፊት ወለል ላይ ተቀምጠው ፔዳሉን የሚገፉ ሣጥኖች ናቸው።

ከዚህ የሚብሰው የከባድ መኪና ልማድ ሌላ ነው። በተሳቢ ላይ አየር ሲያልቅ ሞላው ተለቅቆ ጎማውን ይይዛል፤ ብልሽቱ ራሱ ያቆማል። የምትጎተት የቤት መኪና ይህን የሚያደርግ ሞላ የላትም። ቱቦው ቢቀደድ፣ ፊውዙ ቢቃጠል፣ ባትሪው ቢሞት፣ ፍሬኗ ዝም ይላል፤ ምንም እንዳልተፈጠረም እየተከተለች ትመጣለች። ሃያ ዓመት አየር ፍሬን የነዳ ሰው «ቢበላሽ ይይዝ ነበር» የሚለውን እምነቱን በዚህ ጉዳይ ላይ መተው አለበት።

ሞተሩ እንደጠፋ መርሳት

ቆማ ሞተሯ የጠፋ መኪና ውስጥ ገብተው ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ ይርገጡ። የመጀመሪያው ለስላሳ ነው፤ ሁለተኛው ይከብዳል፤ ከዚያ እግርዎ ግድግዳ የነካ ይመስልዎታል። ሰርቮው፣ ማለትም የእግርዎን ግፊት የሚያግዘው መሣሪያ፣ የሚሠራበት ቫኪዩም (ሞተሩ ሲሠራ የሚፈጠረው የአየር ባዶነት) አለቀ ማለት ነው። በምትጎተትበት ጊዜ ሁሉ መኪናዋ ያለችው በዚህ ሁኔታ ነው።

አንዳንድ ሥርዓቶች ቫኪዩሙን ራሳቸው ይሠሩላታል፤ ስለዚህ ፔዳሉን በቀስታ ይጫኑታል። ሌሎች ቫኪዩም ሳይኖር በጉልበት ይገፋሉ። ስህተቱ የሚመጣው በጉልበት የሚገፋው ሣጥን ቫኪዩሙ ሳይወጣ ሲቀመጥ ነው፤ በመጀመሪያው ፍሬን ጎማዎቹ ይቆለፋሉ፤ አስፋልት ላይ እየተፋቀ የሄደ ጎማ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሲሽከረከር መንቀጥቀጡ አይቀርም። ሣጥኑን ከማስቀመጥ በፊት ፔዳሉ እስኪደነድን መርገጥ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሃይብሪዶችና ሰርቯቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዳዲስ መኪኖች ነገሩን ሌላ ያደርጉታል። በአንዳንዶቹ ሞተሩ ጠፍቶም ፔዳሉ ኃይል ስለሚኖረው፣ ለተራ መኪና የተስተካከለ ሣጥን ከልክ በላይ ያስይዘዋል። ሥርዓቱ ከእርስዎ መኪና ሞዴልና የምርት ዓመት ጋር ይሠራ እንደሆነ አምራቹን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም። ሆንዳ ሲአር-ቪ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የአሜሪካው እስከ 2014 ሞዴል በአራት ጎማ ይጎተት ነበር፤ ከ2015 ጀምሮ ማርሹ ስለተለወጠ አይፈቀድም። ስሙ አንድ ነው፤ ፈቃዱ ግን የለም።

የፍሬን መብራት ሁሉ ፍሬን ነው ብሎ ማሰብ

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ የሚታየውም ተራራ ላይ ብቻ ነው።

ትልልቅ የናፍጣ ሞተርሆሞች አብዛኞቹ የሞተር ፍሬን አላቸው፤ ሞተሩ ራሱ ተሽከርካሪውን የሚያዘገይበት ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ ያንን ከፍቶ፣ የእግር ፍሬኑን ለክፉ ጊዜ ቆጥቦ መውረድ ትክክለኛው አነዳድ ነው። ችግሩ፣ በአንዳንዶቹ ሞተርሆሞች ላይ የሞተር ፍሬኑ ሲሠራ የኋላ የፍሬን መብራትም ይበራል። የተጎታቿ ፍሬን ትእዛዝ የሚቀበለው ከዚያ መብራት ብቻ ከሆነ፣ ሾፌሩ እግሩን ፔዳሉ ላይ ሳያሳርፍ ትንሿ መኪና ከላይ እስከ ታች ፍሬን ይዛ ትወርዳለች። በኮሎራዶ ከአይዘንሃወር ዋሻ ወደ ዴንቨር፣ ወይም በኦሪገን ካቤጅ ሂል ላይ 6 በመቶ ቁልቁለቱን እንዲህ መውረድ ምን እንደሆነ መንገዱን የሚያውቁ ያውቁታል። ሸራው ይቃጠላል፤ ዲስኩ ይጣመማል፤ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፤ ሲከፋም እሳት ይነሣል። ሾፌሩ ደግሞ የሞተር ፍሬኑ በደንብ እየሠራ ስለሆነ ደስ ብሎት ይወርዳል።

መፍትሔው ከመግዛት በፊት ነው ያለው። ሥርዓቱ ከመብራቱ በተጨማሪ የፍጥነቱን መቀነስ የሚለካ መሆኑን፣ ወይም ከእግር ፍሬኑ አየር ብቻ የሚታዘዝ መሆኑን ይጠይቁ። የሚሸጠው ሰው ጥያቄውን ካልገባው ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ከዚሁ ጋር፣ ሾፌሩ ፊት የምትቀመጠውን ማሳያ መብራት ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ መተው አይገባም። በትልቅ ተሽከርካሪ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከኋላው ያለችው መኪና ፍሬን ይዛ ይሁን ለቅቃ በስሜት አያውቅም። ነዳጅ ለመቅዳት ሲቆም ደግሞ እጁን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ጠጋ አድርጎ ሙቀቱን ያዳምጥ፤ ብረቱን ግን አይንካ።

የመለያያው ገመድ

መጎተቻው ብረት ተሰብሮ መኪናዋ ብትለይ፣ ገመዱ መኪናዋ ላይ ካለው የመለያያ ማብሪያ ፒኑን ይነቅላል፤ ፍሬኗም በራሷ ባትሪ ይይዛል። ይህ የሚሆነው ገመዱ ሞተርሆሙ ሻንሲ ላይ ከታሰረ ነው። ብዙዎች ራሱ መጎተቻው ላይ ያስሩታል፤ መጎተቻው ተነቅሎ ሲወድቅ ገመዱም አብሮ ይሄዳል፤ ፒኑ ግን ባለበት ይቀራል። ገመዱ በመታጠፊያ ላይ እንዳይወጠር መጠነኛ ልልነት ይኑረው፤ መሬት ግን አይጎተት።

ባትሪ

ፍሬኑም፣ መብራቱም፣ መሪው እንዳይቆለፍ የተከፈተው ቁልፍም የሚበሉት ከመኪናዋ ባትሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ተጉዘው ማታ መኪናዋ አልነሣ ካለች፣ ባትሪው መንገድ ላይ እያለ ደክሞ ነበር ማለት ነው፤ መለያያውም በዚያው ጊዜ አቅም አልነበረውም። ከሞተርሆሙ የሚመጣ የኃይል መሙያ ሽቦ ማስገጠም ብዙ ሥራ አይደለም።

በዋጋ ብቻ መምረጥ

ሣጥኑ ለገጠማ ገንዘብ አያስወጣም፤ መኪና ሲቀየርም አብሮ ይሄዳል። ነገር ግን በየማለዳው ጎንበስ ብሎ ከፔዳሉ ጋር ማገናኘት፣ ወንበሩን በልኩ ማስጠጋት፣ ምንጣፉን ማውጣት አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚወጣ ቤተሰብ ይበቃል። በየሁለት ቀኑ ቦታ ለሚቀይር ግን ቋሚው ይሻላል፤ ምክንያቱም ሰው ሲደክመው የሚዘለው መጀመሪያ እንዲህ ያለውን ሥራ ነው።

ምንም ይግዙ ምን፣ ከገጠማ በኋላ ባዶ ማቆሚያ ግቢ ውስጥ በ20 ማይል ገደማ ፍጥነት ይንዱና በመደበኛ ሁኔታ ፍሬን ይያዙ። አንድ ሰው ራቅ ብሎ በጎን በኩል ቆሞ የትንሿን የፊት ጎማዎች ይመልከት። ከተቆለፉ ኃይሉ ይቀነስ፤ ሞተርሆሙ ሲቆም መጎተቻው ላይ መገፋት ከተሰማ ይጨመር። ከዚያ ፒኑን ለአጭር ጊዜ ነቅለው በቀስታ ወደፊት ይሞክሩ፤ መኪናዋ መንቀሳቀስን እምቢ ማለት አለባት። ፒኑን ወዲያው ይመልሱት፤ ባትሪውን ይጨርሳል።